ዓይኗን የማትነቅለው ሲስተር

የሕፃናት ክፍሏ ሲስተር ሕፃን ስታይ ዓይኗን አትነቅልም። ክፋት አይደለም፤ ሥራዋ ያስለመዳት ነው። ሕፃን ከመነካቱ በፊት ይታያል፤ እናቱ ጭን ላይ እንዳለ፣ ሸሚዙ ተገልጦ፣ ሳያለቅስ። ሲተነፍስ የጎድን አጥንቱ ሥር ይሰረጉድ እንደሆነ፣ አፍንጫው ይርገበገብ እንደሆነ፣ ከንፈሩ ይጠቁር እንደሆነ። ካለቀሰ ሁሉም ይደበላለቃል። ስለዚህ ዝም ብላ ታያለች። ሆስፒታል ውስጥ ይህ ሙያ ይባላል። አውቶቡስ ላይ ግን እናቶች ልጃቸውን ሸፍነው ፊታቸውን ያዞሩባታል። የሰው ነገር! ሲጨንቀው «እዩልኝ» ይላል፣ ሳይጠራ ያየለትን ይረግማል።

ባል የላት፣ ልጅ የላት። ከሥራ መልስ የምታንኳኳው በር አንድ ብቻ ነበር፤ ከግድግዳው ወዲያ የምትኖረው የልብስ ሰፊዋ በር። ልብስ ሰፊዋ ባሏ ሥራ ፍለጋ ርቆ የሄደባት፣ አራስነቷን ገና ያልጨረሰች ቀልደኛ ናት። ሲስተርን የሚያገባ ወንድ ለሽምግልናም ደረቱን ገልጦ መምጣት አለበት እያለች ታስቃት ነበር። ሲስተር ሌላ የምትስቅበት ቤት አልነበራትም።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ልብስ ሰፊዋ ልጇን ታጠባለች፣ ሲስተር ፊት ለፊቷ ተቀምጣለች። ሕፃኑ ጥቂት ጠባ፣ ለቀቀ፣ አለከለከ፣ ደግሞ ያዘ፣ ለቀቀ። ቤቱ ቀዝቃዛ ነው፤ የልጁ ግንባር ግን በላብ ርሷል። ሲስተር ወሬዋን አቋርጣ ታየው ጀመር።

እናትየው ምነው አፈጠጥሽበት አለች። ሲስተር ማለስለስ አታውቅበትም፤ ልቡን ሳያመው አይቀርም፣ አሁኑኑ ሐኪም ይየው አለቻት። የልብስ ሰፊዋ ሳቅ ጠፋ። አባቱም ሲበላ ያልበዋል ብላ ተከራከረች፤ ቀጥላም ጡቷን ሸፈነች።

«ልጄ ላይ አታሟርቺብኝ። ስላልወለድሽ ነው።»

ሲስተር ብድግ ብላ ወጣች። ክፍሏ ገብታ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ዝም ብትል፣ ነገ ተኳርፈው ከነገ ወዲያ ይታረቃሉ፤ ደግማ ብትሄድ ያ በር ለዘለዓለም ይዘጋል። ሌላው ቢሆን «ሆድ ይፍጀው» ብሎ ይተኛ ነበር። ይህ ሆድ ይፍጀው የሚሉት ምክር ስንት ሕፃን እንደፈጀ ግን የሚጠይቅ የለም።

በማግስቱ ጠዋት አንኳኳች።

«እንዳሻሽ ስደቢኝ» አለች። «ብቻ እያጠባሽ ፊቱን አንቺው እይው። እኔ ዞሬ እቆማለሁ።»

ግድግዳውን እያየች ቆመች። ከጀርባዋ የሕፃኑ መጥባት ይሰማል፣ ይቋረጣል። ቆይቶ የእናትየው እጅ ፎጣ ሲጎትት ሰማች። ልብስ ሰፊዋ ልጇን ጠቅልላ ወደ ሆስፒታል ቀድማት ወጣች።

ልቡ ላይ ቀዳዳ ተገኘ። መድኃኒት ተጀመረለት፤ ጠንከር ሲል ይጠገንለታል ተባለ። ልጁም ጉንጭ አወጣ።

አንድ ቀን ልብስ ሰፊዋ ልጇን ትከሻዋ ላይ አስተኝታ የሲስተር ደጅ መጣች። ግቢ ብትባል አልገባ አለች። አመሰገነች፤ ከአንጀቷ ነበር። ከዚያ አንገቷን ደፋች።

«እህቴ፣ እሱን ባየሽው ቁጥር ደግሞ ምን አየች እያልኩ ልሞት ነው። አትቀየሚኝ። ከእንግዲህ ባትመጪ።»

ልጅ ያተረፈች ሴት እንደ መርዶ ነጋሪ ትቆጠር? ትቆጠራለች። እውነት ተናግሮ የመሸበት ማደር ነው ይላሉ፤ የመሸበት ቤት ባዶ መሆኑን ግን አይናገሩም።

ሲስተር ሕፃኑን ልታየው አማራት። አላየችውም። «እሺ» አለችና፣ እንዳይነቃ በሩን ቀስ አድርጋ ዘጋችው።