ዓርብ አልጋ ይያዙ

ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት የዕቃ ማስቀመጫውን በር መክፈት።
ወለሉን መጥረግ፤ ያደሩትን ሻንጣዎች መቁጠር።
ዕቃ መቀበል፤ ቁጥር ማሰር፤ የቁጥሩን ግማሽ ለባለዕቃው መስጠት።
የሚያፈስ፣ የሚሸት ወይም የሚንቀሳቀስ ዕቃ አለመቀበል።
ዕቃዬ ጠፋ የሚለውን በትዕግሥት ማነጋገር።
ያለ ምትክ ከመስኮቱ አለመነሣት።
ከምሽቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ቆጥሮ መዝጋት፤ ቁልፉን ለአለቃ ማስረከብ።

ይህ በአውቶቡስ መናኸሪያው የዕቃ ማስቀመጫ ግድግዳ ላይ የተለጠፈ የሥራ ዝርዝር ነው። ዝርዝሩ የሚመለከታት ሴት ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ስትፈጽመው ኖራለች። ሰው የሚያውቃት ግን በዝርዝሩ ውስጥ በሌለ ሥራ ነው። ለዚህ ትልቅ ከተማ እንግዳ የሆነ ሰው የት ቢያድር እንደሚሻለው የምትነግረው እርሷ ናት።

በመናኸሪያው ስሟን የሚጠራ የለም፤ "እትዬ ነገ" ይሏታል። ስሙን ያወጡላት ተሸካሚዎቹ ናቸው። መንገደኛ ሻንጣውን አስረክቦ "እትዬ፣ ደህና አልጋ የት አገኛለሁ?" ሲላት፣ ስንት ገንዘብ እንደያዘ አትጠይቀውም። ምን ዓይነት ክፍል እንደሚወድም አትጠይቀውም። የምትጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፦

"ነገ ጠዋት ወዴት ነዎት?"

ተሸካሚዎቹ ይህን ከመስማት ብዛት ስም አደረጉት። አንዱ ቀልደኛ "እትዬ ነገ፣ ሻይ የምትጋብዢን መቼ ነው?" ቢላት፣ "ስሜን ጠርተህ የለም? መልሱ እዚያው ውስጥ አለልህ" ብላው ሻንጣ ወደ መደርደር ተመለሰች።

እንግዳ ማደሪያ ሲመርጥ የሚያስበው ሌሊቱን ነው፤ የፍራሹን ልስላሴ፣ የብርድ ልብሱን ውፍረት ያስባል። እርሷ የምታስበው ጠዋቱን ነው። የፍርድ ቤት ቀጠሮ ያለውን፣ ቤቱ ቢያረጅም፣ ከችሎቱ በእግር ወደሚደረስበት ማረፊያ ትልከዋለች። ሸቀጥ ሊገዛ የመጣውን ነጋዴ ደረጃው ሰፊ ወደሆነ ቤት፣ ጉልበቱ የደከመውን ሽማግሌ ደረጃ ወደሌለው ቤት ትመራዋለች። ጥያቄዋን የምታስቀረው ለአዲስ ተጋቢዎች ብቻ ነው። እነርሱን "እናንተስ ነገ የትም አትሄዱም" ብላ ጸጥ ወዳለ ሰፈር ትሸኛቸዋለች።

ይህን የምታውቀው በወሬ አይደለም። ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ዕረፍቷ ነው፤ በዚያ ዕረፍቷ ማረፊያ ቤቶችን እየዞረች ትመለከታለች። ቧንቧውን ከፍታ ሙቅ ውኃው እስኪመጣ ትቆጥራለች። ትራሱን ታሸታለች። በሩን ከውስጥ ቆልፋ፣ አልጋ አንጣፊዋን በኮሪደሩ እንድትራመድ ጠይቃ የጫማዋን ድምፅ ታዳምጣለች። ስለ ቤቱ የምትጠይቀውም አልጋ አንጣፊዋን እንጂ ባለቤቱን አይደለም። ከማንም ኮሚሽን አትቀበልም። አንድ ባለ ማረፊያ አዲስ ብርድ ልብስ በስጦታ ቢልክላት፣ በመጣበት ሰው እጅ መለሰችው። የላከችበትም ቃል ይህ ነበር፦ "ቁጥር ስድስት ላይ ለተኛው እንግዳዎ ያልብሱት፤ ባለፈው ረቡዕ ያየሁት አንድ ብቻ ለብሶ ነው።"

እኔም በምክሯ ከተጠቀሙት አንዱ ነኝ። አንድ ጊዜ ብቻ ምክሯን ትቼ ስሙ በመብራት ወደተጻፈ ሆቴል ገባሁ። መብራቱ በመስኮቴ እየገባ ሌሊቱን ሙሉ ቀይና አረንጓዴ ሲቀባኝ አደረ። በማግስቱ ሻንጣዬን ልወስድ ስሄድ ዓይኔን አየችና "ቁጥርዎን" ከማለት በቀር ቃል አልተናገረችም። ዝምታዋን እንደ ትልቅ ጨዋነት ቆጠርኩላት።

ከዚህ በታች የምተርከውን ከአለቃዋና ከአንድ አናጢ ሰምቼ አጣራሁ። እርሷን ስጠይቃት "እንዳሉት ነው" ብላ አለፈችው።

አንድ ዓርብ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል፣ አናጢው ከሚስቱ ጋር ከአውቶቡስ ወርዶ ወደ መስኮቱ መጣ። ሚስቱ አንገቷ ላይ የወጣው እንቅርት አድጎ መተንፈስ ያስቸግራት ጀምሯል። ለቀዶ ጥገና ተራ እስኪደርሳት ሰባት ወር ጠብቃለች።

"እትዬ፣ ረከስ ያለ አልጋ ይጠቁሙን" አለ አናጢው። "ለሦስት ሌሊት ነው።"

"ነገ ጠዋት ወዴት ናችሁ?"

"ነገስ የትም አይደለን። ሰኞ ጠዋት ነው ሆስፒታል የምንሄደው።"

"ለሰኞ ጉዳይ ዓርብ ምን አመጣችሁ?"

"እንዲያ ስላሉን ነዋ። ከሆስፒታሉ ተደውሎ 'ዓርብ አልጋ ይያዙ፤ ሰኞ ጠዋት ቀዶ ጥገናው ይደረጋል' ተባልኩ። ይኸው አልጋ ልንይዝ መጣን።"

ቁጥር ልታስርበት የያዘችውን ሲባጎ አስቀመጠች።

"የደወለው ዘመድ ነው?"

"ዘመድማ ከየት መጥቶ። የመዝገብ ቤቱ ጸሐፊ ነው።"

"እስቲ ወንድሜ ያስቡት። የመዝገብ ቤት ጸሐፊ፣ እናንተ የት እንደምታድሩ ምን አገባው?"

ሚስቱ ከአናጢው ቀድማ ተረዳች።

"የሆስፒታሉን አልጋ ነው ያሉህ" አለች በሻከረ ድምፅ። "ዛሬውኑ ገብታ ትተኛ ማለታቸው ነው። በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ሲባል ተረት ይመስለኝ ነበር። እንቅርቱ የእኔ፣ ጆሮው ያንተ።"

አናጢውን መውቀስ አይገባም። መንገደኛ "አልጋ ያዝኩ" ሲል ማደሪያ አገኘሁ ማለቱ ነው፤ ታማሚ ሲለው ሐኪም ቤት ገብቼ ተኛሁ ማለቱ ነው። አንድ ቃል ለሁለት ጌታ ሲያገለግል ስሕተት አይጠፋም። ይህን ስሕተት ለማየት ደግሞ ቀኑን ሙሉ ስለ አልጋ ከምትጠየቅ ሴት የተሻለ ሰው አልነበረም። የታማሚ ቤተሰቦችን ለዓመታት ስታስተናግድ የሆስፒታሉን ደንብ አውቃዋለች። መዝገብ ቤቱ አሥራ አንድ ሰዓት ይዘጋል፤ በተባለበት ቀን ያልገባ ታማሚ አልጋው ለተከታዩ ይሰጣል፤ እርሱም ተራውን እንደገና ከመጨረሻ ይጀምራል። ሌላ ሰባት ወር ደግሞ ያች አንገት የምትጠብቀው አልነበረም።

ቁልፉን ይዛ ወደ አለቃዋ ክፍል ገባች።

"መሄድ አለብኝ" አለችው።

"ያለ ምትክ ከመስኮቱ መነሣት የለም። ዝርዝሩ ላይ ተጽፏል።"

"ተጽፏል። ምትኩ እርስዎ ነዎት።" ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ አኖረችለት።

"እኔ? እኔ አለቃ ነኝ እኮ!"

"እንግዲያው ከእኔ የበለጠ ያውቁታል። ብቻ የሚንቀሳቀስ ዕቃ እንዳይቀበሉ።"

በሃያ ስድስት ዓመት ውስጥ መስኮቱን ከሰዓቱ በፊት ስትለቅ ያ የመጀመሪያዋ ነበር። አለቃው ኮቱን አውልቆ ተቀመጠ፤ በዚያ ምሽትም ሁለት ዶሮ ያለበት ቅርጫት ቁጥር ታስሮለት መደርደሪያ ላይ ተገኘ። ተሸካሚዎቹ ይህን ሲያወሩ አይጠግቡም።

ዓርብ ከሰዓት በኋላ ዋናው መንገድ በመኪና እንደሚታጨቅ ስለምታውቅ ታክሲ አልያዘችም። ሁለት ፌርማታ በአውቶቡስ ሄደው ወረዱ። ከዚያ በብረት ሠሪዎች መደዳ በኩል በሚያልፈው ጠባብ መንገድ በእግር ቀጠሉ። ታማሚዋ ሦስት ጊዜ ቆማ ትንፋሿን ሰበሰበች። እትዬ ነገ ክንዷን ይዛ ቆማ ጠበቀቻት እንጂ አንድም ጊዜ "ቶሎ በዪ" አላለቻትም። አናጢው ግን ጥቅሉን ተሸክሞ ከፊት እየሮጠ፣ እየተመለሰ፣ መንገዱን ሁለት ጊዜ ሄደው።

መዝገብ ቤቱ ሲደርሱ ለአሥራ አንድ ሰዓት አሥር ደቂቃ ጉዳይ ነበር። ጸሐፊው መዝገቡን ዘርግቶ ብዕሩን አንሥቷል። አናጢው የሚስቱን ስም ነገረው።

"ከጠዋት ጀምሮ ስንጠብቃችሁ ነበር" አለ። "አልጋውን ለሌላ ሰው ልጽፈው ነው።"

"ጻፍከው?" አለች እትዬ ነገ።

"አልጻፍኩትም፤ ግን..."

"ካልጻፍከው የእርሷ ነው።"

"እኔ እኮ በስልክ በግልጽ ተናግሬያለሁ። አልጋ ይያዙ ብያለሁ።"

"ልጄ፣ እዚህ ከተማ ውስጥ ስንት አልጋ እንዳለ ታውቃለህ? እኔ አውቃለሁ። ከእንግዲህ 'ሆስፒታል ይግቡ' በል።"

ጸሐፊው የታማሚዋን አንገት፣ ከዚያም ላብ ያጠመቀውን አናጢ ተመለከተ። የታማሚዋን ስም ጻፈ።

አናጢው ሚስቱን እስከ ክፍሏ ካደረሰ በኋላ በግቢው አግዳሚ ላይ ሊያድር ተሰናዳ። እትዬ ነገ አልፈቀደችም። "አግዳሚ ላይ ያደረ ሰው ለታማሚ ምርኩዝ አይሆንም" አለችው። በዚያ ሆስፒታል በየጠዋቱ አንድ ሰዓት የታማሚ ቤተሰብ በስም ተጠርቶ፣ የሐኪሙ ትእዛዝና የሚገዛው መድኃኒት ይነገረዋል። ስሙ ሲጠራ ያልተገኘ ሰው እስከ ማግስቱ ይጠብቃል። ስለዚህ ከሆስፒታሉ በስተጀርባ፣ አንዲት በዕድሜ የገፉ ሴትዮ የሚያስተዳድሩትን ዘጠኝ ክፍል ያለው ማረፊያ መረጠችለት። ከሁሉ ርካሹ አልነበረም። ከበሩ እስከ ታማሚዎቹ ክፍል ግን የአራት ደቂቃ መንገድ ነበር።

ሰኞ ጠዋት ቀዶ ጥገናው በሰላም አለቀ። ሐኪሙ ግን ታማሚዋ ስምንት ቀን ተኝታ እንድትቆይ አዘዘ። የአናጢው ገንዘብ የበቃው ለሦስት ሌሊት ነበር። በዚያው ቀን በዘጠኝ ሰዓት ጥቅሉን በትከሻው አድርጎ ሊሰናበታት ወደ መስኮቱ መጣ።

"ከከተማው ዳር የአክስቴ ልጅ አለ" አላት። "እሱ ዘንድ እሄዳለሁ። በነፃ ነው።"

"ነፃስ ነው። ከዚያ ሆስፒታሉ ድረስ ምን ያህል ይፈጃል?"

"ቢበዛ ሁለት ሰዓት።"

ከመስኮቱ ባሻገር የተሰለፈውን ሰው አየችና ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

"እኔ ወደዚህ ከተማ የመጣሁት የታይፕ ፈተና ልፈተን ነው። ያደርኩት ከከተማው ዳር፣ አክስቴ ዘንድ፣ በነፃ ነበር። የራሷን አልጋ ለቀቀችልኝ። ጠዋት አውቶቡሱ ሞልቶ ሁለት ጊዜ ጥሎኝ አለፈ። ስደርስ በሩ ተዘግቷል። አንኳኳሁ፤ የከፈተልኝ የለም።"

"ከዚያስ?"

"ከዚያማ ወደ አገሬ ልመለስ መናኸሪያ መጣሁ። ዕቃ ማስቀመጫው ሰው ይፈልግ ነበር፤ ይኸው አለሁ። አክስቴን አልወቅስም። እንደዚያ ባለ ምቹ አልጋ ተኝቼ አላውቅም። ጥቅልዎን እዚህ ይተዉትና ስዘጋ ይምጡ፤ አብረን እንሄዳለን።"

ማታ ማረፊያው ሲደርሱ እትዬ ነገ አናጢውን ስምንት ሌሊት እንዲያሳድሩት ባለ ማረፊያዋን ጠየቀቻቸው።

"እኔ የጽድቅ ቤት አልከፈትኩም" አሉ።

"በጽድቅ ማን አለዎት፣ እማማ? በዕዳ ነው።"

"ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ! አገሩ ከገባ በኋላ ማን ይመለሳል?"

"ሐኪሙ ለወሩ ቀጠሮ ሰጥቷታል። የሚስቱን አንገት ትቶ የት ይቀራል? ለዚያውም ዋሱ እኔ ነኝ።"

"ሲመለስስ በምን ይከፍላል?"

"እርስዎ ዘንድ ያለው አልጋ ሁሉ ሰው በተገላበጠ ቁጥር ይጮኻል። ሦስት ዓመት ነገርኩዎት፤ ሰው አጣሁ አሉኝ። ሰውየው አናጢ ነው።"

ሴትዮዋ ወደ አናጢው ዞሩ። "ስንቱን ታድሳለህ?"

"ሁሉንም" አለ አናጢው። "መሣሪያዬ ግን አገር ቤት ነው፤ ስመለስ ይዤ እመጣለሁ።"

"ዘጠኝ ናቸው።"

"ለስምንት ሌሊት ዘጠኝ አልጋ፤ እስማማለሁ።"

ስምንቱንም ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ስሙ ሲጠራ አናጢው "አለሁ" አለ። በአምስተኛው ቀን ታማሚዋ ሲያተኩሳት መድኃኒቱ በዚያው ጠዋት ተገዝቶ ደረሰላት። በዘጠነኛው ቀን በእግሯ ወጣች።

በወሩ ለቀጠሮው መጡ። ሐኪሙ ሚስቲቱን መርምሮ ድናለች ብሎ አሰናበታት። አናጢው የመሣሪያ ሣጥኑን ተሸክሞ ወደ ማረፊያው ሄደና ሦስት ቀን ሠራ። የላላውን ማያያዣ ነቀለ፤ የተሰነጠቀውን እግር ለወጠ፤ ዘጠኙንም አልጋ አጠበቀ። ሲጨርስ ባለ ማረፊያዋ ጫማቸውን አውልቀው ከአንዱ ክፍል ወደ ሌላው እየሄዱ በየአልጋው ላይ ተጋደሙ፤ በቀኝም በግራም ተገላበጡ። እትዬ ነገ በየበሩ ቆማ አዳመጠች። ምንም አልተሰማም።

የስምንቱ ሌሊት ዕዳ በሙሉ ተከፈለ።