የመግደላዊት ፀጉር

ሆሴፋ ኩዊላላ፣ በቁልምጫ ሴፋ፣ ለመግደላዊት ማርያም ሐውልት ፀጉሯን የሰጠችው ገና ልጃገረድ ሳለች ነው። የሐውልቱን የቀድሞ ፀጉር ብል ስለ ፈጀው፣ ስቅለትም ስለ ደረሰ፣ ወገቧ ላይ የሚያርፈውን ጉንጉኗን ከማጅራቷ አስቆርጣ አስረከበች። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ ሕማማት ሲገባ ሐውልቷን የምታጥበው፣ ቀሚሷን የምትተኩሰው፣ የገዛ ፀጉሯንም በኮኮናት ዘይት አርሳ በሐውልቷ ራስ ላይ የምታበጥረው እሷ ናት።

በከተማችን የቅዱሳን ሐውልቶች የሚያድሩት በየቤተሰቡ ቤት ነው። መግደላዊትን ያስቀረጸው የሪቬሮ ቤተሰብ ነበር። የቤቱ የመጨረሻ ጌታ ዶን ኤውሴቢዮ ሞቱ፤ ልጃቸው ዶና ኮንሶላሲዮንም ሳያገቡ ተከተሏቸው። ሐውልቷን ይዛ የቀረችው የሴፋ እናት ናት፤ ከእሷም ለሴፋ ተላለፈች። እናቷ የተወለደችው በዚያው ቤት ኩሽና ሲሆን፣ ክርስትና ስትነሣ አባቷ «ያልታወቀ» ተብሎ ተጻፈ፤ የዶን ኤውሴቢዮን አፍንጫ ፊቷ ላይ ተሸክማ ገበያ ስትወጣ ስትገባ ግን አባቷን የማያውቅ ሰው አልነበረም።

የከተማዋ የምሥረታ በዓል ሲቃረብ የዘር ሐረግ አጣሪ ኮሚቴ ተቋቋመ። ሰብሳቢው ጡረተኛው ዳኛ ኔሜሲዮ ፎርሞሶ፣ ጸሐፊዋ ባለቤታቸው ዶና አምፓሮ ነበሩ። ኮሚቴው በመጀመሪያ ስብሰባው ማንኛውም ቅዱስ ከአስቀራጩ የሥጋ ዘር ውጭ በማንም ቤት እንዳያድር፣ ወራሽ የታጣለትም በሰብሳቢው ቤት እንዲቀመጥ ወሰነ። ወራሽ ሊታጣለት የሚችል አንድ ቅዱስ ብቻ እንደ ነበረ፣ ዶና አምፓሮም ከስብሰባው በፊት ሐውልቷ በስቅለት ዕለት ለምትዞርበት ሠረገላ ማቆሚያ በረንዳቸውን አስጠርገው እንደ ነበር እዚህ መመዝገብ አለበት።

«ናና ሴፋ፣ የሪቬሮ ዘር ነኝ ይላሉ። ማስረጃዎ ምንድን ነው?» አሉ ዳኛው፣ እትዬ ለማለት «ናና» እያሉ።

«አፍንጫዬ።»

«አፍንጫ አይመሰክርም።»

«ታዲያ እርስዎ ፊት ማን ደፍሮ ይመሰክራል?»

«በዚህ ዓይነት የሪቬሮ ድመትም ልትወርስ ነው» አሉ ዶና አምፓሮ፣ ከሚጽፉበት ቀና ሳይሉ።

ዳኛው አንድ ነገር ትዝ አላቸው። የሪቬሮ ሴቶች ልጆች ፀጉራቸውን ለመግደላዊት ይሰጡ ነበር፤ ስለዚህ በሐውልቷ ራስ ላይ ያለው የዶና ኮንሶላሲዮን ፀጉር መሆን አለበት። ከሐውልቷና ከሴፋ ጥቂት ጥቂት ተነቅሎ ማኒላ ይመርመር አሉ።

«ዳኛ፣ ያ ፀጉር እኮ...»

«የተጠየቁትን ብቻ ይመልሱ።»

«እሺ። ብቻ ሳይጠይቁኝ እንዳይቀሩ።»

የጠየቃት የለም። ውጤቱ በዐቢይ ጾም አጋማሽ መጣ፤ ዳኛውም ድምፃቸውን ከፍ አድርገው አነበቡት፦ «በሁለቱ ናሙናዎች መካከል ምንም ልዩነት አልተገኘም።» መነጽራቸውን አወለቁ። «እንዲህ የጠበቀ ዝምድና በሥራ ዘመኔ አልገጠመኝም። ሴትዮዋ የዶና ኮንሶላሲዮን ልጅ ናት።»

«ዶና ኮንሶላሲዮን እኮ በድንግልና ነው የሞቱት» አሉ አንድ ሽማግሌ።

«ሳይንስ ነው፣ ማኖንግ» አሉ ዳኛው፣ ሽማግሌውን በአክብሮት ጠርተው፤ ተጨበጨበ።

ሴፋ ዝም ብትል ሐውልቷ የእሷ ነበረች። ዶና አምፓሮ ግን ቅር እያላቸው በመዝገቡ ላይ በሴፋ እናት ስም ቦታ «ኮንሶላሲዮን ሪቬሮ» ብለው መጻፍ ሲጀምሩ አየች። እናቷን ከኩሽናዋም ከመዝገቧም እያወጧት ነበር።

«ፀጉሩ የኔ ነው» አለች። «ልጅ ሆኜ የሰጠሁት። የወለደችኝ ደግሞ እናቴ ናት። እሷን ሰርዛችሁ ሐውልት አትስጡኝ።»

ዳኛው ወዲያው ማስረጃው ወድቋል አሉ፤ መግደላዊት ወደ እሳቸው ቤት እንድትዛወር በአንድ ድምፅ ተወሰነ።

«እሺ» አለች ሴፋ፤ «ፀጉሬን ግን መልሱልኝ። ልዩነት የለውም ብላችሁ ማኅተም ያደረጋችሁት እናንተው ናችሁ።»

ከሐውልቷ ራስ አውልቀው ሰጧት። በፎጣ ጠቅልላ ቤቷ ገባች።

በስቅለት ዕለት ከቀትር በኋላ የጌታን እግር በፀጉሯ ያበሰችው መግደላዊት በዳኛው በረንዳ ሥር መላጣዋን ቆመች። ዶና አምፓሮ በነጠላ ጨርቅ ቢሸፍኗትም ነፋሱ ገፈፈው።

«መላጣው ጴጥሮስ ዘንድሮ የሴት ቀሚስ ለበሰ እንዴ?» አለ አንድ መንገደኛ።

ዳኛው ወደ ሴፋ በር መጡ። «ናና፣ ለዛሬ ብቻ ያውሱን።»

«ፀጉሬ ከእናቴ ቤት አይወጣም። መግደላዊት ትምጣ።»

«ደንቡ እኮ ከሥጋ ዘመድ ቤት ውጭ...»

«ደንቡን የጻፈው ማን ነው?»

ኮሚቴው በሴፋ ደጃፍ ቆሞ ተሰበሰበ። ሐውልቷ ተመልሳ መጣች፤ ሴፋ ፀጉሩን በመርፌ ቁልፍ አስያዘችላት፣ ሠረገላውም ወጣ። ዳኛው ግን ደንባቸውን ማፍረስ አልፈለጉም። በዕለቱ የፈረሙበት ውሳኔ እንዲህ ይላል፦ ቅድስት ማርያም መግደላዊት በምርመራ እንደ ተረጋገጠው የሆሴፋ ኩዊላላ የሥጋ ዘመድ ስለ ሆነች በዘመዷ ቤት ታድራለች።

በኮሚቴው መዝገብ ከዚህ ውሳኔ በላይ ባለው መስመር የሴፋ እናት አባት ዛሬም «ያልታወቀ» ናቸው። ሴፋ ከሠረገላው ኋላ ሻማ ይዛ ስትሄድ ይህን ነገሯት።

«እንግዲህ» አለች፤ «እናቴ ከመግደላዊት ጋር ትዛመድ። ከእነሱ ይሻላል።»