ሁለት ጓጉንቸር ያለው በር

ሩቂያ የወረባቦ ልጅ ናት፤ ሠርግ ቤት ግጥም ስታወርድ ያደገች። ሪያድ ከገባች አሥራ አራት ዓመቷ። እመቤቷ ቤት ድምፅ አይወጣምና የምታንጎራጉረው ዓርብ ዓርብ ብቻ ነበር፤ ጉበይራ በሚባለው ሰፈር፣ አሥራ አንድ ሴቶች ለዕረፍት ቀናቸው በተከራዩአት አንዲት ክፍል። አራት አልጋ አለ፤ የቀሩት ምንጣፍ ላይ ናቸው።

ይቺን ክፍል ነው እንግዲህ መንግሥት ያደረጓት!

መጀመሪያ ዙበይዳ ተነሣች። "ሕዝቡ እኛ ነን፣ ምንጣፍ ላይ የምንተኛው! አልጋ የያዙት ሌቦች ናቸው!" ብላ በቲክቶክ አወጀች፤ አልጋ በተራ እንደሚደርስ አሳምራ እያወቀች። ቁልፍ ያዥዋ ኑርያ ደግሞ ተራውን አስረድታ እንደመተው፣ "እዚህ ክፍል አምስት ዓመት ያልሞላት ድምፅ የላትም፤ መሃይም ሁላ!" ብላ ሕግ አወጣች። በዚያው ቀን ምንጣፍ ላይ የሚተኛው ሁሉ የዙበይዳ ወገን ሆነ። አንዷ ስትጮህ ሌላዋ ትቆልፋለች፤ ስትቆልፍ ያቺ ይብስ ትጮሃለች። ሩቂያ "ኧረ ተዉ" ብትል ለኑርያ ሰላይ፣ ለዙበይዳ የአልጋ ሎሌ ሆነች።

ባለፈው ዓርብ ሩቂያ ከአሥራ አንዱ ሴቶች አንዷን፣ ራህማን፣ ከሆስፒታል አወጣቻት። ትርፍ አንጀት ኦፕራሲዮን ሆና ሦስተኛ ቀኗ ነው፤ አሠሪዋ "ስትድኚ ነይ" ብላታለች፤ ሌላ መግቢያ የላትም።

"የመስኮቱ አልጋ ያንቺ ነው፣ እህቴ" አለቻት ሩቂያ። ደረጃውን እያረፉ ወጡ።

በሩ ላይ ሁለት ጓጉንቸር፤ አንዱ የኑርያ፣ አንዱ ዙበይዳ በላዩ የጨመረችው። በሩ ሥር ሁለት ባለቁልፍ።

"የኔን ብከፍት ትወርረዋለች። እሷ ትቅደም!" አለች ኑርያ።

"ሕዝቡ ሳይፈቅድ? ወላሂ አልከፍትም!" ዙበይዳ ስልኳን ወደ ራህማ አዞረች። "እዩልኝ ወገኖቼ፣ አሮጊቶቹ በሽተኛ ደጅ ሲጥሉ!"

"የጣልሻትስ አንቺ! እሱንም ቅረጪው!"

ራህማ ቁስሏን ይዛ፣ ግድግዳውን ታክካ ቁጭ አለች። ከንፈሯ አመድ መስሏል።

"ኸላስ! በቃ!" አለች ሩቂያ። ምድር ቤት ወርዳ፣ እዚሁ ሪያድ ያደገውን አናጢ ሱፍያንን ይዛው መጣች።

"ቁልፉ የማን ነው፣ ኻልቲ?" አላት፤ አክስቴ ማለቱ ነው።

"ቁልፉን ተወው። በሩን ንቀልልኝ።"

በማጠፊያው በኩል ብሎኖቹን ፈታ፤ የጓጉንቸሮቹን ማያያዣም ከመቃኑ ላይ ነቀለ። በሩ ከነሁለት ጓጉንቸሩ፣ እንደተቆለፈ፣ ግድግዳ ተደገፈ። ራህማ ገብታ የመስኮቱ አልጋ ላይ ተጋደመች። ሩቂያ ሻርፗን መግቢያው ላይ ጋረደችና ባዘነ ድምፅ አወረደችው፦

አንዷ ለሕዝብ ብላ፣ አንዷ ለሕግ ብላ፣
ደረጃ ላይ ቀረች እህት ሆዷ ቆስላ።

የሰማት የለም። ከመጋረጃው ወዲያ ኑርያና ዙበይዳ የተነቀለውን በር ግራና ቀኝ ይዘው ይጓተታሉ።

"ልቀቂ!"

"አንቺ ልቀቂ!"