የአሥራ ስምንት ቀን ጨው

መጋረጃ ሰፊዋ ዓሣ ስትመርጥ ያየ ሰው ቤት የምትገዛ ይመስለዋል። የጌጥ ዓሣ ሱቅ ገብታ ከመስታወቱ ፊት ቁጭ ትላለች። ክንፉ የተቀደደ፣ ዓይኑ የደፈረሰ፣ ትንፋሹ የሚቸኩል እንዳለ አንድ በአንድ ታያለች። ከዚያ ወደ ሻጩ ዞር ብላ፣ «በል እስቲ አብላልኝ» ትለዋለች።

«እትዬ፣ ትናንት እኮ በልቷል!»

«ትናንት የበላ ዛሬ አይራብም? ስጠው።»

ሲበላ ብታየውም ወዲያው አትወስደውም። «ሳምንት ይቆይልኝ» ብላ ትወጣለች። ከመንገድ የመጣ ዓሣ በሽታው የሚወጣው በዚያ ሳምንት ውስጥ ነው። ሻጩ ከዚህ የተነሳ «እትዬ ይቆይልኝ» የሚል ስም አውጥቶላታል።

የቤቷ የመስታወት ገንዳ ከስፌት መኪናዋ በስተግራ ነው፤ ሁለት መቶ ሊትር ይይዛል። ውስጡ ያሉት ነጭ ቀለበት ያላቸው ሁለት ብርቱካናማ ዓሦች፣ አንድ ቢጫ ዓሣና አንዲት ባለብዙ እግር ቀይ ሽሪምፕ ብቻ ናቸው። እንግዶች ባዶ ነው፣ ጨምሪበት ይሏታል።

«እናንተስ ሳሎኔ ውስጥ አርባ ሆናችሁ መቆም ትችላላችሁ። አርባ ሆናችሁ ትኖሩበታላችሁ?» ትላቸዋለች።

ሁለቱን ብርቱካናማዎች የገዛቻቸው ልጇ ሰባተኛ ክፍል ስትገባ ነበር። ያች ልጅ አድጋ፣ ሩቅ ከተማ አግብታ፣ ዘንድሮ ወለደች። መጋረጃ ሰፊዋ ልታርሳት ስትሄድ ገንዳውን ለባሏ አደራ ሰጠችው። ባሏ ጡረታ የወጣ የአሳንሰር ጠጋኝ ነው፤ በእጁ የሚተማመን ሰው። መስታወቱ ላይ ወረቀት ለጠፈችለት፦ «ጠዋት ትንሽ ምግብ። ማታ መብራት አጥፋ። ውሃው ሲጎድል እስከ መስመሩ ሙላ።» ከገንዳው ሥር ሁለት ጀሪካኖች ነበሩ። ሰማያዊው በጨው የተበጠበጠ፣ በየሁለት ሳምንቱ ከፊሉን ውሃ የምትቀይርበት ነው። ነጩ የተጣራ ተራ ውሃ ነው።

በአሥራ ስምንተኛው ቀን ተመለሰች። ሻንጣዋን እንኳ ሳታስቀምጥ ገንዳውን አየች። ሽሪምፗ በጀርባዋ ተንጋላ ሞታለች። ብርቱካናማዎቹ ከውሃው አናት ተጠግተው ቁና ቁና ይተነፍሳሉ።

«ምን አደረግካቸው?»

«ምን አደርጋቸዋለሁ? ከራሴ አብልጬ ነው የያዝኳቸው! በየቀኑ ሁለት ሊትር፣ አንድ ቀን ሳላጓድል።»

«ከየትኛው ጀሪካን?»

«ከሰማያዊው ነዋ። ሲያልቅብኝም ራሴ በጠበጥኩ፤ የጨው ከረጢቱ ላይ በተጻፈው ልክ፣ በሚዛን።»

«ነጩስ?»

«አበባ አጠጣሁበት። የባሕር ዓሣ አይደሉ እንዴ? ተራ ውሃ ልድፋባቸው?»

የጨው መለኪያዋን አወጣች። አንድ ጠብታ አድርጋ በመስኮቱ ብርሃን አየችበት። በሊትር ሠላሳ አምስት ግራም መሆን የነበረበት አርባ አንድ ሆኗል።

«የሥራ ሸሚዝህ ላቡ ሲደርቅ ጀርባው ነጭ ይሆን አልነበር?»

«ይሆን ነበር።»

«ውሃው ሄደ፣ ጨው ቀረ። ገንዳውም እንደዚያው ነው። የሚተነው ውሃው ብቻ ነው። አንተ ደግሞ በየቀኑ በቀረው ጨው ላይ ጨው ደረብክበት።»

ሰውየው ፊቱ አመድ መሰለ። ሮጦ ባልዲ አመጣ። «በይ ግማሹን ልድፋውና አሁኑኑ ተራ ውሃ እንሙላ!»

«እጅህን ሰብስብ! አሥራ ስምንት ቀን ሙሉ የወጣ፣ በአንድ ሰዓት ይወርዳል? እንዲያ የሚወርድ አሳንሰር አይተህ ታውቃለህ?»

«ገመዱ የተበጠሰ ብቻ» አለ ባልዲውን እያስቀመጠ።

ጠዋት ሦስት ሊትር፣ ማታ ሦስት ሊትር እየቀዱ በተጣራው ውሃ ሊተኩት ተስማሙ፤ ለአምስት ቀን። ወረቀቱን ከመስታወቱ ላጠችው። «የኔም ጥፋት አለበት። ሙላ ብዬ ጻፍኩ እንጂ በምን እንደሚሞላ አልጻፍኩም።»

«እኔ እንዳይከፋኝ ብለሽ ነው።»

«እንዳይከፋህ ብል ኖሮ ፈገግ እል ነበር።»

«ይተርፋሉ?»

«አሥራ አንድ ዓመት በደንብ የበሉ ናቸው። ይተርፋሉ።»

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ትልቋ ብርቱካናማ ጥጉ ውስጥ በጎኗ ተኝታ ተገኘች። ባል ቁርሱን ትቶ ተነሳ። «አየሽ? እየሞተች ነው! ዛሬ እንኳ ስድስት ሊትር እናድርገው። ስለ ፈጠረሽ!»

መጋረጃ ሰፊዋ ለካች፤ ሠላሳ ስምንት ተኩል። ጎንበስ ብላ የዓሣዋን ትንፋሽ በሰዓቷ ቆጠረች። ከመንገድ በተመለሰችበት ቀን ከነበረው ቀንሷል። መቅጃ ጆጉን አንስታ እንደ ትናንቱ ቀዳች።

«ሦስት» አለች።

«ብትሞትብንስ?»

«ብትሞት እኔ ነኝ የገደልኳት፤ አንተ የለህበትም። ሦስት።»

ከዚያ ተመልሳ ለአንድ ደንበኛ ጀምራ የተወችውን መጋረጃ መዘምዘም ቀጠለች። ሰውየው ግን ከሰዓት በኋላውን ሙሉ ከወጥ ቤት ወደ ሳሎን፣ ከሳሎን ወደ ወጥ ቤት ሲመላለስ ዋለ።

በአምስተኛው ቀን መለኪያውን ለእሱ ሰጠችው። «አንተ አንብብ።»

መስኮቱ ጋ ሄዶ አንድ ዓይኑን ጨፈነ። «ሠላሳ አምስት» አለ።

ይኼኔ ገንዳው ውስጥ ውሃው ተናወጠ። ትልቋ ብርቱካናማ ከጥጓ ተወርውራ ወጥታ ቢጫውን ጅራቱን ነክሳ ታባርረዋለች።

«ኧረ ተጣሉ! ለያዪያቸው እንጂ፣ ምነው ዝም ትያለሽ?»

«ከትናንት ወዲያ መዋኘት አቅቷት ተኝታ ነበር። ተዋት፣ ትጣላ!» አለች መጋረጃ ሰፊዋ፤ ሳቋ መጥቶባት።

ሰውየው ወደ መስታወቱ ተጠጋ፣ ጉልበቱን ይዞ ጎንበስ አለ። ከዚያ ቀስ ብሎ፣ «ያዢው!» አለ። «በዚህ በኩል! ያዢው እንጂ!»