ቦሰና፣ የሚያጠቡ እናቶች ወጌሻ

ጣሊያን በገባ በሁለተኛው ክረምት ዝናቡስ የየዓመቱ ዝናብ ነበር። ልደታ ሰፈር ግን ሰው ድምፁን ቀንሷል። ጎረቤት ከጎረቤት በሹክሹክታ ያወራል፤ ሕፃን ሲያለቅስ እናቱ ቶሎ ታባብለዋለች፤ በየካቲቱ ጭፍጨፋ ወንድ ያልተወሰደበት ቤት ጥቂት ነው። እርጥበቱ የጭቃውን ምርግ አልፎ አጥንት ድረስ የገባ ይመስል ነበር።

ያን ክረምት ወጌሻዋ ቦሰና ሥራ በዛባት። ድሮ ስብራትና ወለምታ ነበር የምታሸው፤ አሁን የሚመጡባት አብዛኞቹ የሚያጠቡ እናቶች ሆኑ። የሁሉም ስሞታ አንድ ነው፤ ማጅራቴን ያዘኝ፣ በትከሻዎቼ መሀል እንደ እሳት ያቃጥለኛል። አንዷ ምች ነው ትላለች፣ ሌላዋ ብርድ ነው ትላለች። ቦሰና አትከራከርም። የቀለጠ ቅቤ መዳፏ ላይ አድርጋ አውራ ጣቷን ከአከርካሪው ግራና ቀኝ ታንሸራትታለች፤ የተቋጠረውን ሥጋ ስታገኝ እዚያው ትቆማለች፣ እስኪላላም ትጠብቃለች። የእሷን ትከሻ የሚያሽላት ግን አልነበረም።

አንድ ቀን ጌጃ ሰፈር፣ እማማ ማናለብሽ ዘንድ ተጠራች። ምራታቸው ተናኘወርቅ አንገቷን ማዞር ተስኗታል። ልጇን ብድግ ማድረግ አቅቷት፣ ጡቷም እየነጠፈ፣ ልጁ ከስቷል። የፊተኛውን ልጇን ገና በጨቅላነቱ ቀብራዋለች። እማማ ማናለብሽ ቁርጣቸውን ተናግረዋል፤ ቅዳሜ ልጁን ሰበታ ላሉት እህታቸው ሊልኩት ነው፣ እዚያ የምትታለብ ላም አለች። መንገዱ ግን ኬላ የበዛበት ነው፤ ሕፃኑ በደህና ለመድረሱም ማንም ዋስ አይሆንም።

ቦሰና አሸቻት፤ ተናኘወርቅም እፎይ አለች። ሲያድር ያው ሆነ። ደግማ አሸቻት፣ ሲያድር ያው። በመጨረሻ ቅቤውን ወዲያ አስቀመጠችና «እስቲ ስታጠቢ ልይሽ» አለቻት።

ተናኘወርቅ አመነታች። ከዚያ ጥጉ ውስጥ ገብታ ጋቢዋን ከራሷ በላይ ተከናነበች፤ ልጁን ጭኗ ላይ አስተኝታ እንደ ደጋን ጎብጣ ጡቷን አወረደችለት። እስኪጠግብ ቀና አላለችም። የፊተኛውን የሰው ዓይን ነው የበላው ብለዋት ነበርና፣ ይሄኛውን ሲጠባ ማንም እንዲያይባት አትፈልግም።

«አንቺ እኮ ወደ ልጁ እየወረድሽ ነው» አለቻት ቦሰና። «እሱ ነው ወደ አንቺ መውጣት ያለበት።»

«ጋቢውን አልገልጥም፣ እትዬ።»

«ማን ግለጪ አለሽ?»

እማማ ማናለብሽ ከደጃፉ ሆነው፣ እኔ ለጀርባ ብጠራት እሷ ማጥባት ልታስተምረን መጣች ብለው አጉረመረሙ።

ቦሰና ገመድ ለምና ከምሰሶው እስከ ግድግዳው ወጠረችና ጋቢውን እንደ መጋረጃ ሰቀለችው። ከመጋረጃው ወዲያ ተናኘወርቅን ግድግዳ አስደገፈቻት፤ ጭድ የተጠቀጠቀበት ትራስ ጭኗ ላይ አኖረች፣ ልጁንም ከትራሱ ላይ። ተናኘወርቅ ቀና ብላ አጠባች። ልጇ ሲጠባ ፊቱን በብርሃን አይታው አታውቅም ነበር፤ እንባዋ ወረደ።

ቦሰና ወደ አማቲቱ ዞረች። «እማማ፣ ይቺን ቅዳሜ ይለፉልኝ። አልሆነም ካሉ እኔው አዝዬው ሰበታ አደርስልዎታለሁ።»

ቅዳሜ መጣ፤ ልጁን የሚወስድ ግን አልተጠራም። የተናኘወርቅ ጀርባ ቶሎ አልተዋትም፣ ክረምቱ እስኪወጣ ጠዋት ጠዋት ይይዛት ነበር። ወተቷ ግን እያደር ተመለሰ፤ ልጁም ጉንጭ አወጣ። እማማ ማናለብሽ አመሰግናለሁ የሚል ቃል ከአፋቸው አልወጣም። ጎረቤታቸው ዘኪያ ወልዳ ጀርባዬን ስትል ግን ቦሰናን ያስጠሩላት እሳቸው ናቸው።

ጣሊያን ወጥቶ መንገዱ ሲከፈት የቦሰና ወንድም ሚደቅሳ መጥቶ ወሰዳት። ተናኘወርቅ እየሮጠ የሚከተላትን ልጇን፣ አምሳሉን፣ እጁን ይዛ ሸኝታታለች። ከዚያ ወዲህ የተሰማው አንድ ወሬ ብቻ ነው፤ ቦሰና ቱሉ ቦሎ፣ ከገበያው በታች፣ ወንድሟ ቤት ትኖራለች የሚል።