ያልከሳው ፊት

ጉርድ ሾላ፣ ፎቶ ኮፒ ቤት ወረፋ ስጠብቅ ነው ያየኋት። ወንበር ቢሰጧትም አልተቀመጠችም። ነጠላዋን ታጣጥፋለች፣ መልሳ ትፈታለች። ታክሲ በቆመ ቁጥር በሩ ጋ ሄዳ የሚወርዱትን ሰዎች ፊት ታያለች። ጫማዋ ጭቃ በጭቃ ነው፤ ብዙ የዞረች ትመስላለች።

የቤቱ ሠራተኛ ሀጀር ሴትዮዋ ያመጣችውን ጉርድ ፎቶ ስካን አድርጋ ስክሪኑ ላይ አወጣችው። የአንድ ወጣት ፎቶ ነው፤ ፊቱ ረዝሞ፣ ጉንጩ ሟሽሾ ወጣ።

“ቀጭን አይደለም” አለች ሴትዮዋ ፈጠን ብላ። “ልጄ ቀጭን አይደለም።”

“ስካነሩ ነው፣ እናቴ። ወደ ጎንና ወደ ታች የሚያነብበት መጠን እኩል አልነበረም። ወደ ታች እጥፍ ስላነበበ ፊቱን ሳበው።”

ሀጀር ሁለቱንም መጠን እኩል ስድስት መቶ ላይ አድርጋ ደገመችው። ጉንጩ ሞላ፤ ግንባሩ ላይ ያለችው ትንሽ ጠባሳ እንኳ ጎልታ ወጣች።

ሴትዮዋ ስክሪኑን በጣቷ ነካ አደረገች። “አሁን እሱ ነው። ያየው ሁሉ ይለየዋል።”

“ስንት ላትምልዎት?”

“በየታክሲ ተራው ለመለጠፍ የሚበቃ” አለች። “እስከ ቦሌ ቡልቡላ ያለውን በእግሬ አዳርሰዋለሁ።”