የአሥራ ሁለቱ ቃላት ፎቶ

ክረምት መግቢያ ላይ ወረታ ውስጥ ከባጃጅ ስወርድ ስልኬ ከእጄ አምልጦ ድንጋይ ላይ ወደቀ። ስክሪኑ ተሰነጣጥቆ ጣቴን አልቀበልም አለ። ደብረ ታቦር መገንጠያ አጠገብ ወዳለ ስልክ ሠሪ ወሰድኩት። ሰውየው በእኔ ዕድሜ ያለ፣ አንድ እግሩን የሚያነክስ፣ ዝምተኛ ሰው ነው። «ስክሪኑን ስቀይር መሞከር ስላለብኝ መክፈቻ ቁጥሩን ይንገሩኝ» አለኝ። ነግሬው ወደማስተምርበት ትምህርት ቤት ሄድኩ።

ያን ጊዜ ከማስተማሩ ጎን ለውጭ ሰዎች ጽሑፍ እተረጉም ነበር፤ የሚከፍሉኝ በክሪፕቶ፣ በኢንተርኔት በሚላክ ዲጂታል ገንዘብ ነው። ገንዘቡ ባንክ አይገባም፤ ስልኬ ላይ ባለ ዋሌት በሚባል መተግበሪያ ይቀመጣል። ቁልፉ ዋሌቱን ስከፍት የተሰጡኝ አሥራ ሁለት የእንግሊዝኛ ቃላት ናቸው። ስልኩ ቢጠፋ ቃላቱን በተራቸው ሌላ ስልክ ላይ ባስገባ ገንዘቤን አገኛለሁ። ሌላ ሰው ካገኛቸው ግን ገንዘቡ የእሱ ነው፤ አቤት የሚባልበት ቢሮ የለም። ይህን እያወቅሁ ወረቀት ላይ መጻፉ ሰንፎኝ ፎቶ አንስቼ ስልኩ ውስጥ ትቻቸው ነበር።

ከሰዓት በኋላ ስመለስ ሰውየው ስልኩን ቶሎ አልሰጠኝም። ሌሎቹ ደንበኞች እስኪሄዱ ጠበቀና ወንበር ሳበልኝ።

«መምህር፣ ስክሪኑ መሥራቱን ለማየት ፎቶዎችዎን ሳገላብጥ የዋሌት ቃላት አየሁ። ምን እንደሆኑም አውቃለሁ።»

«ገልብጠሃቸዋል?» አልኩት።

«አልገለበጥኩም። ግን ለምን ያምኑኛል? ዛሬውኑ አዲስ ዋሌት ከፍተው ገንዘቡን ወደዚያ ያዛውሩት። እነዚህን ዓይኔ አይቷቸዋል።»

አላመሰገንኩትም። እፊቱ ዋሌቱን ከፍቼ ገንዘቡ መኖሩን አረጋገጥኩ። እሱ ጀርባውን ሰጥቶኝ ሌላ ስልክ መፍታት ጀመረ፤ እኔም አዲስ ዋሌት ከፍቼ አዲሶቹን ቃላት ወረቀት ላይ ጻፍኩ።

«ገንዘብ ከማስገባትዎ በፊት» አለኝ ሳይዞር፣ «አዲሱን ያጥፉትና ከወረቀቱ መልሰው ይክፈቱት። እኔ ወረቀቴን ኪሴ ውስጥ ይዤው ስዞር ላብ ግማሹን ቃል አጥፍቶት ኖሯል። ያወቅሁት ስልኬ ከተሰረቀ በኋላ ነው። የሁለት ዓመት ልፋቴ እንደወጣ ቀረ።»

እንዳለው አደረግሁ። አልከፈትም አለኝ። ወረቀቱን ባየው ከአንዱ ቃል አንድ ፊደል አስቀርቻለሁ፤ ያውም እኔ የእንግሊዝኛ አስተማሪው። አስተካክዬው ሲከፈት ገንዘቡን አዛወርኩ፤ አሮጌውን ፎቶም አጠፋሁት።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ጠርጥሬዎት ነበር» አልኩት። ሳይታወቀኝ እኔም አንቱ ብዬዋለሁ።

«ሊጠረጥሩኝ ይገባል፤ አያውቁኝም እኮ» አለ። ከስክሪኑ ዋጋ በላይ ብሰጠው እምቢ አለኝ።

ቅዳሜ ዕለት ሁለተኛ ቅጂ ጽፌ በላስቲክ ጠቀለልኩና ይፋግ ላሉት አክስቴ ይዤ ሄድኩ። የመሬት ደብተራቸውን የሚቆልፉበት ሣጥን አላቸው።

«ምንድን ነው?» አሉኝ።

«ስልኬ ቢጠፋ ገንዘቤን የሚመልስልኝ ጽሑፍ ነው። ማንም እንዳያየው።»

«ነፍስ አባቴም?»

«እሳቸውም።»

ጥቂት አሰቡ። «አንተ ብትሞትስ?»

«ለባለቤቴ ይሰጧታል።»

«ምን እንደምታደርግበት ታውቃለች?»

አታውቅም ነበር። ዋሌት መኖሩንም ነግሬያት አላውቅም። እንደተመለስኩ አስቀምጫት ሁሉንም ነገርኳት፤ ወረቀቶቹ የት እንዳሉ፣ ቃላቱ እንዴት እንደሚገቡ። ስጨርስ ስልኳን አውጥታ ቤት ያስቀረሁትን ወረቀት ተቀበለችኝና ቃላቱን አንድ በአንድ፣ ቀስ ብላ አስገባች። ተከፈተላት።

«ለአክስትህ ከመንገርህ በፊት ለእኔ መንገር ነበረብህ» አለችኝ።

እውነቷን ነው።